ጭስ ያልነካው አረቄ

ሳጥኑ ሲከፈት ከውስጡ የወጣው የወፍጮ መጅ ነበር። መጅ! ያ እህል ሲፈጭ በእጅ የሚያዘው ጥቁር ድንጋይ። በጭድ ተሸፍኖ፣ እንደ አራስ ልጅ ተመቻችቶ ተኝቷል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ሀብተ ሥላሴ፣ ላሊበላ ያለው የመንግሥት እንግዳ ማረፊያ ሥራ አስኪያጅ። ድምፁ ቀጠነበት።

ምን ሊሆን ነው? መጅ ነዋ! እዚያ ሳጥን ውስጥ መገኘት የነበረበት ግን የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ ነበር። ለጥምቀት ሰሞን ከአዲስ አበባ የመጣ፣ የቅቤ ቅል የሚያክል ነገር። ውሃ ውስጥ ይከቱታል፣ ሶኬት ላይ ይሰኩታል፣ ሰላምታ ተለዋውጠው ሳይጨርሱ ውሃው ይንተከተካል። እንጨት የለ፣ አመድ የለ፣ ጭስ የለ! ሀብተ ሥላሴ ያንን ዕቃ ለከተማው ሁሉ አውርቶለታል። ሚስት ያገባ እንኳ እንደዚያ አያወራም። ከክፍለ ሀገር ትልልቅ እንግዶች እሑድ ይመጣሉ ተብሎ ሊወለውለው ሳጥኑን ከፈተ፤ ድንጋይ ጠበቀው።

መቶ አለቃ ደባሱ ተጠራ። ደባሱ የላሊበላ ፖሊስ ጣቢያ መርማሪ ነው፣ የኮን ሰው፣ ረጅም፣ ሲያስብ ጺሙን የሚጎትት። መጋዘኑን ዞረ። ቁልፉ አልተሰበረም፣ መስኮት የለውም።

«ቁልፉ በማን እጅ ነው?»

«አንዱ በኔ፣ አንዱ በአራጋው። የጄኔሬተሩ ሠራተኛ። ናፍጣውን እዚህ ነው የሚያስቀምጠው።» ሀብተ ሥላሴ ቆቡን አስተካከለ። «አሻጥር ነው፣ መቶ አለቃ! እንግዶች ሊመጡ ሲሉ! አራጋውን አስይዤዋለሁ፣ ወደ በላይም አሳውቄያለሁ። ቅዳሜ ጠዋት መኪና ወደ ወልዲያ ይወርዳል፣ ይጫናል።»

በደርግ ጊዜ አሻጥር ተብሎ የተጫነ ሰው፣ ቤተሰቡ መቼ ይመጣል ብሎ አይጠይቅም። ይመጣል ወይ ብሎ ነው የሚጠይቅ።

«ሳጥኑን ለመጨረሻ ጊዜ የከፈትከው መቼ ነው?»

«በጥምቀት።»

«አሁን እኮ ፋሲካ አልፏል!»

እንዴት ይደረግ? ሰውን የት ነበርክ ለማለት መቼ የሚለው መታወቅ አለበት። ደባሱ መጁን አነሳና አሸተተው። ሽታው የወፍጮ ቤት አልነበረም። መረር ያለ፣ አረንጓዴ ሽታ አለው። ጌሾ! እህል ብቻ ሳይሆን ጌሾ ሲያደቅ የኖረ መጅ ነው።

ከጠማቂ በቀር ጌሾ ለማን ምን ያደርግለታል? የዚህ መጅ ባለቤት ጠላ ወይ አረቄ የምታወጣ ሴት ናት። ደባሱ ድንጋዩን ታቅፎ ወጣ። ሥራ አስኪያጁ ከኋላው ቆሞ ስለ አብዮቱ ጠላቶች ለግድግዳው ይናገር ነበር።

*

አራጋው እስር ቤቱ ጥግ ላይ ተቀምጦ በናፍጣ የጠቆረ ጥፍሩን ያያል።

«አራጋው፣ ሰርቀሃል?»

«ወላሂ አልሰረቅሁም።»

«ማን እንደሰረቀስ አታውቅም?»

አራጋው ወደ ጥፍሩ ተመለሰ።

«አታውቅም ወይ ነው የምልህ!»

«አላውቅም አላልኩም፣ መቶ አለቃ። አልናገርም።»

«አብደሃል? ቅዳሜ ትጫናለህ እኮ!»

«ከተጫንኩ ተጫንኩ። አይጠይቁኝ በአላህ።»

በሩ ላይ ሚስቱ ኡሙሀኒ ስንቅ ይዛ ቆማለች። ጠባቂው ፍተሻ ሲላት ሳህኑን አፍንጫው ሥር ከፈተችለት። «ፈትሽ! ሽሮ ውስጥ ቦምብ አለልህ!» ከዚያ ወደ ደባሱ ዞረች። «መቶ አለቃ፣ ለዚህ አገር መብራት የሰጠ ሰው ጨለማ ቤት ይቀመጥ? ባሌ ከመንገድ ሚስማር አንስቶ አያውቅም! ቅዳሜ ከጫናችሁት እኔንም ጫኑኝ። ልጆቼንም። ፍየሏንም!»

«ኡሙሀኒ፣ ለማን ብሎ እንደሚደብቅ ንገሪኝና ዛሬ ይወጣል።»

ኡሙሀኒ አፏን ከፈተች፣ ባሏን አየች፣ አፏን ዘጋች። እሷ አፏን ስትዘጋ ያየ ሰው በከተማው አልነበረም፤ ደባሱ ያኔ ነው ነገሩ ከባድ መሆኑ የገባው።

ማታ ቤቱ ገባ። የደባሱ ቤት ከጣቢያው ጀርባ ነው፣ ፖሊስ ስለሆነ የመብራት መስመር ገብቶለታል። ከሚስቱ ከብርቅዬ ጋር ሳሎኑ ውስጥ ይኖራሉ፤ ከመጋረጃው ወዲያ ያለው ጓዳ የአማቱ ነው፣ የእሜቴ አመተ ጊዮርጊስ። የላስታ ሰው ለአማት ያለውን ክብር ታውቁታላችሁ። ዓይን ለዓይን አይተያዩም፣ ፊት ለፊት አይበሉም፣ አንቱ ይባባላሉ። ጓዳቸውንማ ደባሱ ከሠርጉ ጀምሮ አልረገጠውም። መጋረጃው ለሱ ከግንብ ይጠነክራል።

«አንቱ፣» አለ መጋረጃው፣ «ያ የመብራቱ ልጅ ምን ይሆናል ይላሉ?»

«ምርመራ ላይ ነው፣ እሜቴ።»

«ዕቃው ጨርሶ ባይገኝስ?»

«ዕቃው ካልተገኘ ማስረጃ የለም። ማስረጃ ከሌለ ይለቀቃል።» ሕጉ እንደሚለው መለሰ። የቅዳሜውን መኪና አላነሳም። የቢሮ መርዶ ቤት ይዞ መግባት አይወድም።

«እሰይ! ተመስገን!» አለ መጋረጃው።

ደግ ሴት ናቸው ብሎ እራቱን በላ።

*

በነጋታው ደባሱ ጉድ ሠራ። መጁን ለአንድ ፖሊስ አሸክሞ የጠማቂዎቹን ቤት አንድ በአንድ ያዳርስ ጀመር።

ነገሩ ሞኝነት ይመስላል እንጂ ብልሃት ነበረው። መጅና ወፍጮ አብረው ሲያረጁ አንዱ በሌላው ልክ ይበላል። አንዷ ሴት ወደ ቀኝ ታዘማለች፣ ሌላዋ ወደፊት ገፋ ታደርጋለች፣ ድንጋዩ ያንን ይይዛል። የሌላ ሰው መጅ ወፍጮሽ ላይ ብታስቀምጪ እንደ ሰው ጫማ ነው። ደባሱ ባለቤቷን በዚህ ሊይዛት ነው።

ሴቶቹ ግን አገር አመሱ።

«ኧረ ኑ እዩ! መንግሥት ሊፈጭልን መጣ!»

«መቶ አለቃ፣ ከመጡ አይቀር ይቺን ገብስ ያድቁልኝ!»

ደባሱ ጆሮው እየቀላ መጁን ያስቀምጣል፣ ይገፋል፣ ይንገጫገጫል፣ ያነሳል። ገበያው አጠገብ ጠላ የምትሸጠው ሽታዬ ቤት ሲደርስ ግን ልቡ ዘለለች። ወፍጮዋ አሮጌ ነው፣ መጁ አዲስ!

«የድሮው መጅሽ የት ሄደ?»

ሽታዬ መሬት መሬት አየች። «ይለፈኝ፣ መቶ አለቃ።»

«ተናገሪ!»

«ገደል ገባ።»

«ራሱ ተራምዶ?»

«ባሌ ላይ ወርውሬው ነው።»

«ባልሽስ?»

«እሱማ ጎንበስ አለ።»

ፖሊሱ ሳቁ አምልጦት ወጣ። ደባሱ መጁን ወፍጮዋ ላይ ሞከረው፤ እንደሚነቃነቅ ጥርስ ወዲያ ወዲህ አለ። እሷም አይደለችም። በከተማው ያልሞከረው ወፍጮ የቀረ አልመሰለውም፤ ረቡዕ መሸ።

*

ሐሙስ ወደ እንግዳ ማረፊያው ተመለሰ። ከኋላ ባለችው ክፍል ይማርሽ አንሶላ ትተኩሳለች። ካውያዋን እያነሳች እንደ ሰው ትሰድበዋለች።

«አንተ ሙት! አንተ ሬሳ! ምን በላህ ዛሬ?»

«ማንን ነው፣ ይማርሽ?»

«ይሄንን ካውያ ነዋ፣ ጌታዬ! ይንኩት እስቲ። ይሄ ትኩስ ነው? የኔ መዳፍ አይሻልም? ጄኔሬተሩም እኮ ያቃስታል፣ እንደሚያምጥ ሰው። አምፖሉንም ይዩት፣ ዓይኑን ጨፍኗል።»

ደባሱ ቀና አለ። እውነትም አምፖሉ ቀልቷል። «ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ጥምቀት አልፎ፣ ጾሙ ሊገባ ሲል።»

ደባሱ ጺሙን ያዘ። መብራቱን አንድ ነገር እየበላው ነው! የጠፋው ውሃ ማፍያ ገደል አልገባም፣ ባሕር አልተሻገረም፤ እዚሁ፣ በዚሁ መስመር ላይ ተሰክቶ እየፈላ ነው!

«ሁልጊዜ ነው እንዲህ የሚሆን?»

«የለም። የሚግልበት ቀን አለ። ማርያም ዕለት ይግላል። ገብርኤል ይግላል። ጊዮርጊስ ይግላል። መርቆሬዎስ ይግላል።»

«ቆይ ቆይ። በዓል በዓሉን?»

ይማርሽ አሰበችው፤ እሷም ገና አሁን ገባት። «ኧረ በሞቴ! በዓል በዓሉን!»

«ሌባችን በዓል ያከብራል በይኛ!»

«ጨዋ ሌባ ነው እቴ።»

«ግን መርቆሬዎስን ያልሽው… ማርያምንና ጊዮርጊስን ሁሉም ይይዛል። መርቆሬዎስን ከካህናቱ በቀር ሥራ ፈትቶ የሚውልለት ማን አለ? እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ ወይ ይላሉ! ባለፈው ወር የመርቆሬዎስ ዕለት ነው ካውያው ድንገት ግሎ የሀብተ ሥላሴን ሱሪ መቀመጫው ላይ ያነደድሁት። እስካሁን አላወቀም። ለብሶት ይሄዳል።»

ደባሱ ከዚያ ክፍል ሲወጣ እግሩ መሬት አልነካም። መስመር የገባላቸው ቤቶች ጥቂት ናቸው። ክሊኒኩን ፈተሸ፣ የቀበሌውን ቢሮ ፈተሸ፣ ሁለት ነጋዴዎች ቤት አልጋ ሥር ሳይቀር ገባ። አንድ ሬዲዮና ብዙ ቁንጫ አገኘ። ማፍያ የለም።

ተስፋው ሊሟጠጥ ሲል ከጋሸና የተመለሰ ፖሊስ ወሬ አመጣለት። «መቶ አለቃ፣ ጋሸና ጉደኛ አረቄ ገብቷል። ሾፌሮቹ ሁሉ ሌላ አልጠጣም ብለዋል። ጭስ ጭስ አይልም አሉ!»

ደባሱ ከወንበሩ ተነሳ። የእኛ አገር አረቄ በእንጨት እሳት ነው የሚወጣ። የቱንም ያህል ቢጠራ ጭሱ ከውስጡ አይወጣም፣ ምላስ ላይ ይቀመጣል። ጭስ የሌለው አረቄ ማለት እሳት ያላየ አረቄ ማለት ነው!

*

ዓርብ በጠዋት በደረሰው መኪና ጋሸና ወረደ። አቧራውን አራግፎ አገሬ ምግብ ቤት ገባ። አገሬ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ምስጢር ጠባቂ ነኝ እያለች ምስጢር የምትዘራ ሴት ናት።

«ያንን አዲሱን ቅጅልኝ።»

«የቱን አዲሱን?»

«አገሬ!»

ቀዳችለት። ደባሱ አሸተተው። ጌሾ አለ፣ ገብስ አለ። ጭስ የለም! ጠጣው። ጉሮሮውን እንደ ክር ወረደ፣ ሆዱ ሲደርስ እሳቱን ለኮሰ። መርማሪነቱን ሊረሳ ምንም አልቀረውም።

«ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከላሊበላ። የምትልከዋን ሴት ስም አልጠየቅሁም፣ እኔ ሰው አልመረምርም። የሚያመጣው ሸዕባን ነው። ያውልህ።»

ሸዕባን የጭነት መኪና ሾፌር ነው፣ ጥግ ላይ ሻዩን ይጠጣል፣ ሶላቱን የማያጓድል ሰው።

«ሸዕባን፣ አረቄ ትጭናለህ?»

ሸዕባን ሻዩ ትን አለው። «እኔ? አስተግፊሩላህ! መኪናዬ አረቄ አልነካትም!»

«ከላሊበላ የምታመጣው ጀሪካን ምንድን ነው ታዲያ?»

«እሱማ ጠበል ነው! የአሸተን ማርያም ጠበል! አንዲት ትልቅ ሴት ናቸው የሚሰጡኝ፣ ጋሸና ለታመመች እህቴ አድርስልኝ ብለው። የሰው ሃይማኖት ነው ብዬ ከኋላ እንኳ አልጭነውም፣ ጋቢና ነው የማስቀምጠው። ካሴቱን አጠፋለታለሁ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አገሬ በመሐረብ ዓይኗን ትጠርጋለች። «እኔ ነኝ የታመምሁት!»

«አንቺ ሴትዮ! እኔን በጀሪካን ፊት ካሴት ታስጠፊኛለሽ?»

«ሴትየዋ ምን ትመስላለች?» አለ ደባሱ።

«ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ነው። ዓይናቸው ብቻ ይታየኛል፤ ያለቅሳል፣ እንባው አይደርቅም። ታማሚዋን አስበው ነው ብዬ፣ አንጀቴን ይበሉታል እኮ!»

የሚያለቅስ ዓይን። ጭስ ውስጥ ያረጀች የላስታ ሴት ሁሉ ዓይኗ ያለቅሳል፤ ደባሱ ከዚህ ምን ሊይዝ ነው?

«ሌላስ? አራጋውን ታውቀዋለህ?»

ሸዕባን ፊቱ ከበደ። «አውቀዋለሁ። ጾማችሁ ሊገባ ሲል ያሮጌ መኪና የመዳብ ቱቦ ሰጥቼዋለሁ። ለምንህ ነው ስለው፣ ለእናቴ አለኝ።»

«እናቱ ሞታለች።»

«እኔም አልኩት። ሌላ እናት አለችኝ አለኝ።»

ደባሱ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ደስታው ቀዘቀዘ። ማፍያው ነበረ፣ አሁን ደግሞ ቱቦው። አረቄ ማውጫውን የሠራው አራጋው ራሱ ነው! ሊያድነው መጥቶ ገመዱን አጥብቆበት ሊመለስ ነው። ወሎ ውስጥ ሌላ እናት ሲባል ደግሞ የጡት እናት ማለት ነው፤ ሙስሊሙ ከክርስቲያኑ፣ ክርስቲያኑ ከሙስሊሙ በምስክር ፊት ጡት ይጣባል፣ ከዚያ ወዲያ ልጅ ነው። የሚገድሉት ቢሆን እንኳ እናቱን አይጠራም።

ማን ናት?

*

በሸዕባን መኪና ላሊበላ ሲደርስ ፀሐይ ጠልቃ፣ መብራት በርቷል። ነገ ጠዋት መኪናው ይነሳል። ብርቅዬ እራት አቀረበች። ደባሱ ጎረሰ፣ አልጣመውም።

«ጨው በዛ?» አለች። «ከጠዋት ጀምሮ ብቻዬን ነኝ የሠራሁት። እማዬ ዛሬ ወጥ ማማሰያ እንኳ አትነካም።»

«አመማቸው?»

«ኧረ መርቆሬዎስ ነው ዛሬ! እኔን ስትወልድ የተሳለችው። ረሳኸው?»

ደባሱ ሁለተኛውን ጉርሻ አንስቶ አፉ ጋ ሳይደርስ ቆመ። ቀስ ብሎ ቀና አለ። ከራሱ በላይ የተንጠለጠለችው አምፖል ቦግ ብላለች። እንደዚያ ስታበራ ልብ ብሎ አይቷት አያውቅም። ግድግዳው ላይ የዝንቧ ጥላ ይታያል።

መርቆሬዎስ። መብራቱ ደምቋል። እሜቴ ሥራ ፈትተዋል።

«ብርቅዬ፣» አለ በቀስታ፣ «የአራጋው የጡት እናት ማን ናት?»

ብርቅዬ የውሃውን ጣሳ አስቀምጣ ልትወጣ ተነሳች።

«ተናገሪ!»

«አንተ ደሴ ለሥልጠና በሄድክ ጊዜ… እዚሁ ጓዳ… እኔና ኡሙሀኒ ነን ምስክሮቹ። ለወንድ አይወራም አለችን። ምን ላድርግ ደባሱ? እናቴ ናት!»

ደባሱ ተነስቶ መጋረጃው ፊት ቆመ። ጦር ሜዳ ላይ እንኳ ልቡ እንደዚያ መትቶ አያውቅም።

«እሜቴ፣ ልገባ ነው።»

«ወዴት?»

«ጓዳዎ።»

«አንቱ አመመዎት እንዴ?»

«ይቅር ይበሉኝ፣» አለና መጋረጃውን ገለጠው።

መጀመሪያ ያየው ወፍጮውን ነበር። አሮጌ፣ መሐሉ የጎደጎደ ወፍጮ፤ ላዩ ላይ የተቀመጠው መጅ ግን ገና ያልተላመደው፣ ነጣ ያለ አዲስ ድንጋይ ነው። ከመደቡ ሥር አማቱ መግነዛቸውን ያስቀመጡበት የእንጨት ሳጥን አለ። የአሮጊት መግነዝ ሳጥን ማን ደፍሮ ይከፍታል? ደባሱ ከፈተው።

መግነዝ የለም! ሳጥኑ ውስጥ የወተት ዱቄት ትልቅ ቆርቆሮ ተቀምጧል፣ በጆንያ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሙቀት እንዳያስወጣ። ከሥሩ ያ የቅቤ ቅል የሚያክለው ማፍያ ገብቶበታል፣ ገመዱ በሳጥኑ ቀዳዳ ወጥቶ ግድግዳው ላይ ይሰካል። ክዳኑ ዙሪያውን በሊጥ ተለስኗል። ከክዳኑ የመዳብ ቱቦው ይነሳና እንደ እባብ ተጠቅልሎ ውሃ በሞላ ባልዲ ውስጥ ይሽከረከራል፤ ጫፉ ከባልዲው ጎን ወጥቶ ጠርሙስ አፍ ላይ ያርፋል። ሁሉ ነገር በአንድ ሳጥን! ክዳኑን ብትዘጋው የመግነዝ ሳጥን ነው፣ ብትከፍተው አረቄ ቤት።

ደባሱ ተንበረከከ። ፖሊስነቱ ከራሱ ላይ በረረ።

«ድፍድፉ በዚህ ይገባል?»

«በዚያ ነው።»

«እንፋሎቱ በቱቦው ወጥቶ… ውሃው ውስጥ ሲዞር ይቀዘቅዛል!»

«ድሮ በሸምበቆ ነበር፣ ግማሹ ይባክናል። ይሄ ጠብታ አያባክንም። ኧረ ሊጡን አይነካኩት!» እሜቴ አመተ ጊዮርጊስ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነው የሚናገሩ፤ ድምፃቸው ግን ኩራት ተሞልቷል። «አራጋው አስቦ አስቦ ሠራው። ልጅ አይደለም፣ ሰይጣን ነው።»

«ማፍያውን እንዴት አወጡት?»

«ለጥምቀት ግብዣ ጠላ የጠመቅሁላቸው እኔ አይደለሁም? ሀብተ ሥላሴ መጋዘኑን ከፍቶ ለሰው ሁሉ ሲያሳይ፣ እንጨት አይፈልግም፣ አይጨስም ሲል ሰማሁ። ሰዉ ሊጠጣ ወጣ፣ በሩን ረሳው። ባዶውን የጠላ ጋን ልወስድ ገባሁ። ማፍያውን ጋኑ ውስጥ ከትቼ፣ ሳጥኑ እንዳይቀል እዚያው ጌሾ ሳደቅ የዋልኩበትን መጄን አስገባሁበት። ሁለት ጎረምሶች ጋኑን ተሸክመው አወጡልኝ፣ ባዶ ጋን እንዲህ ይከብዳል ወይ እያሉ።»

«ለምን፣ እሜቴ?»

አሮጊቷ ነጠላቸውን ገለጥ አደረጉ። ዓይናቸው ቀይ ነው፣ ይፈሳል። «ክሊኒኩ፣ ከእንግዲህ ጭስ ፊት ከተቀመጥሽ ዓይንሽ ይጠፋል አለኝ። ከልጅነቴ እስካሁን እሳት ስነፋ የኖርኩ ሴት፣ ካልጠመቅሁ ምን ነኝ? ቁጭ ብዬ ዝንብ ልቁጠር? ለአራጋውም ተሰጠኝ ብዬ ነው ያሠራሁት። ሰው ዓይኑን እንዳይጥልብኝ ዝም በል ብዬ አጠባሁት። እሱ ምንም አያውቅም ነበር።»

ደባሱ ከጉልበቱ ተነሳ። «አራጋው ነገ ጠዋት ወልዲያ ይጫናል።»

«ምን?»

«በአሻጥር።»

«ዕቃው ካልተገኘ ይለቀቃል ብለውኝ አልነበር?»

«ሕጉ ነው እንደዚያ የሚለው። ሀብተ ሥላሴ ግን…»

«እኔ እኮ አንቱን አምኜ ነው የደበቅሁት!» አሮጊቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞረው ፊት ለፊት አዩት። «ዕቃው እንዳይገኝ፣ ልጄ እንዲለቀቅ ብዬ ነው በየቀኑ የምጸልየው! ወየው ጉዴ! ይነሱ! ይንቀሉት!»

«እኔ?»

«ዛሬ መርቆሬዎስ ነው፣ እኔ ሥራ አልነካም! ይንቀሉት ነው የምልዎ!»

መቶ አለቃ ደባሱ የሸሚዙን እጅጌ ሰበሰበ፣ ሊጡን በጥፍሩ ይፍቅ ጀመር።

*

ጠዋት የሸዕባን መኪና ጣቢያው በር ላይ ሞተሩ ይንደቀደቃል። ወልዲያ ጭነት አለው፣ እስረኛም ውሰድ ተብሏል። አራጋው እጁ ታስሮ ወጥቷል። ኡሙሀኒ የመኪናውን በር ይዛ አልለቅም ብላለች፣ ፍየሏም አለች። ሀብተ ሥላሴ ቆቡን ደፍቶ፣ ቶሎ ቶሎ ይላል።

ሰዉ ድንገት ዞረ። እሜቴ አመተ ጊዮርጊስ ከፊት እየመጡ ነው፣ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው። ከኋላቸው መቶ አለቃ ደባሱ በትከሻው የመግነዝ ሳጥን ተሸክሞ ይከተላል።

«ማን ሞተ?» አለች አንዷ።

«ማንም አልሞተም!» አሉ እሜቴ። «ልጄን ፍቱት። የሰረቅሁት እኔ ነኝ።» እና እዚያው ቆመው ሁሉንም ተናገሩት፣ ከጋኑ እስከ መጁ፣ ከመጁ እስከ ጠበሉ። ሸዕባን መሪውን ይዞ «ያ ረቢ! እኒህ ናቸው!» አለ።

ሀብተ ሥላሴ ጣቱን ቀሰረ። «እሰራት! መቶ አለቃ፣ አማትህ ስለሆነች ልትሸፍናት…»

«አልሸፍንም። እሜቴ፣ ይግቡ።» ደባሱ የእስር ቤቱን በር ከፈተላቸው፤ እሳቸው እንደ ሰርግ ቤት ጎንበስ ብለው ገቡ። ከዚያ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረ። «ሪፖርቱን አሁን እጽፋለሁ። እንዲህ ብዬ ነው የምጀምረው፦ ሥራ አስኪያጁ የመንግሥት መጋዘን ከፍቶ ዕቃ ሲያሳይ ቆይቶ፣ በሩን ሳይዘጋ ጠላ ሊጠጣ ሄደ። ለክፍለ ሀገሩ ፀረ አብዮት አሻጥር ብሎ ያሳወቀው፣ አንዲት አሮጊት በባዶ ጋን ያወጣችውን ነው። ልጻፍ?»

ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ይማርሽ ከኋላ ሆና የሀብተ ሥላሴን ሱሪ እያየች በሳቅ ትንፈራፈራለች።

ሀብተ ሥላሴ ላብ አላበው። «ዕቃው… ይሠራል?»

«ከበፊቱ ይሻላል፣» አለ አራጋው እጁ እንደታሰረ። ከታሰረ ወዲህ ሳይጠየቅ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነበር።

«እንግዶቹ ነገ ናቸው። ማን ይገጥመዋል?»

ሁሉም የአራጋውን የታሰረ እጅ አየ።

«ፍቱት፣» አለ ሀብተ ሥላሴ ወደ መሬት። «አሻጥር አልነበረም ብዬ ለበላይ አሳውቃለሁ። ክስም የለኝም። አሮጊቷም ይውጡ።»

«አልወጣም!» አለ ከውስጥ።

«እሜቴ፣» አለ ደባሱ፣ «ተለቀዋል እኮ።»

«ልጄን ሌባ ብሎ ያሰረው ይቅርታ ይበለው። አለበለዚያ እዚሁ ነኝ። እንግዶቹ ነገ ሲመጡ ለምን ታሰሩ ቢሉኝ ደግሞ እናገራለሁ፣ እኔ መናገር አይደክመኝም።»

ሀብተ ሥላሴ ቆቡን አወለቀ። «ይቅርታ፣ አራጋው።»

«አልሰማሁም!»

«ይቅርታ!»

ኡሙሀኒ እልል አለች። የባሏን ገመድ በጥርሷ ፈትታ ስትጨርስ አራጋው ወደ እስር ቤቱ በር ሄዶ ጎንበስ አለ፣ የእናቱን ጉልበት ሳመ። «ምነው ቀድመሽ በነገርሽኝ፣ እናቴ፣» አላቸው። እሳቸውም ራሱን በሁለት እጃቸው ይዘው ጥቂት አለቀሱ። የዚያን ዕለት እንባቸው የጭስ አልነበረም።

ማፍያው ወደ እንግዳ ማረፊያው ተመለሰ፣ የይማርሽም ካውያ ከዚያ ወዲያ ግሎ ኖረ። ሳምንት ሳይሞላ እሜቴ አመተ ጊዮርጊስ ለማኅበር ጠላ ሊጠምቁ ተነሱ፤ አሻሮው በእንጨት እሳት መቆላት አለበት።

«አንተ!» አሉ ከመጋረጃው ወዲያ።

ደባሱ ዙሪያውን አየ። አንተ ብለውት አያውቁም። «እኔን ነው፣ እሜቴ?»

«ጓዳዬን ረግጠህ፣ ሳጥኔን በርብረህ፣ ሊጤን ፍቀህ ምን አንቱ ቀረህ! ናና እሳቱን ንፋ። እኔ ዓይኔን አሞኛል።»

የላሊበላ መርማሪ መቶ አለቃ ደባሱ ኮቱን ሰቅሎ ገባ። ምድጃው ሥር ቁጢጥ ብሎ ነፋ። ጭሱ ፊቱን ሞላው፣ እንባው እንደ ጅረት ወረደ። አማቱ ደጃፉ ላይ፣ ንጹሕ አየር ላይ ተቀምጠው፣ «ከታች! ከታች ንፋ! አመዱን አይደለም!» ይሉታል።

ነፋ።